ከቤተ ገብርኤል በር እስከ ሽቱትጋርት የካርድ ማሽን

የወጣሁት የገና ዕለት ሲመሽ ነው። ቀኑን ሆን ብዬ መረጥሁት። በሌላ ጊዜ ከላሊበላ ለመውጣት የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛ ለመጠየቅ ደግሞ ለምን እንደምትሄዱ መናገር አለባችሁ፤ የእኔ ምክንያት ለቀበሌ የሚነገር አልነበረም። የክፍል ጓደኞቼ እየታሰሩ ነበር፤ ያንቺም ስም ተጠርቷል ብለውኛል። ለገና የመጣው ተሳላሚ ወደየአገሩ ሲመለስ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ማን አስቁሞ ይጠይቀዋል? ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በሶዬን ቋጥሬ፣ በብልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ ከሚመለሱት ጋር ተቀላቀልሁ።

እናቴ ጥሩዬ የቤተ ገብርኤል ጫማ ጠባቂ ናት። ያን ማታ ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይዋ ላይ ሳትነሳ ሳመችኝና "ደርሻለሁ እስክትይኝ ከዚህች በር አልነሳም" አለችኝ። ይህ የሥራዋ ሕግ ነው። ሕጉን ቆይቼ አስረዳችኋለሁ፤ ኋላ እንጀራ የወጣልኝ በእሱ ነውና።

የመንገዱን ብዙ አላወራም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበት አትሂዱበት። ተከዜ ጎድሎ ስለነበር ልብሳችንን ሰብስበን ተሻገርነው። ሱዳን ገብተን ከሰላ ላይ ወባ ጣለኝ። ካርቱም የሰው ልብስ አጠብሁ። በመጨረሻ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት የምትባል ከተማ አደረሰኝ።

ብርዱን አስፈራርተውኝ ነበር። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ውርጭ ያደገ ሰው በበረዶ አይደነግጥም፤ እኔን ያስደነገጠኝ የሰዉ ዝምታ ነው። ዳቦአቸው ጥቁር ነው፣ የእኛን የገብስ ዳቦ ይመስላል፤ ግን እንብላ ሳይሉ ብቻቸውን ይበሉታል። አከራዬ ወይዘሮ ክላይን፣ በነሱ አጠራር ፍራው ክላይን፣ ያነጋገሩኝ ደረጃ የመጥረግ ተራዬ ሲደርስ ብቻ ነበር። ተራውን ኬርቮኸ ይሉታል።

"ፍራው ክላይን፣ ደረጃው እኮ ንጹሕ ነው" አልኋቸው።

"እንዲቆሽሽ ልንጠብቅ ነው?" አሉኝ። ጠረግሁ።

የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አውስለንደርአምት ይባላል። እዚያ ገና በሩን ስትከፍቱት ቢተ ቫርተን ይሏችኋል፤ እባክዎ ይጠብቁ ማለት ነው። ከቋንቋቸው መጀመሪያ የገባኝ ይኸው ነው። ጠብቄ ጠብቄ ስገባ ሰውየው መቼ እንደተወለድሁ ጠየቀኝ።

"በሆሳዕና ማግስት።"

"ሆሳዕና በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል" አለኝ ብዕሩን አስቀምጦ።

"እኔ ግን አልተለዋወጥሁም።"

አልሳቀም። ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠኝና፣ ቋሚ የምትፈልጊ ከሆነ ቋሚ ሥራ ይዘሽ ነይ አለኝ። ለእናቴ ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ በሰው በሰው ልኬ ነበር። መልስ ያጻፈችው "ደህና መሆንሽን ሰማሁ፤ ደርሻለሁ ግን አላልሽም" ብላ ነው። እውነቷን ነው። ዛሬ ነገ ያባርሩኛል እያልሁ እያደርሁ ደርሻለሁ ብል ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ቋንቋውን ተማርሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ተማርሁ፣ ኸር፣ ማለት አቶ፣ ዛውተር የሚባሉ ሰው ባቋቋሟት ትንሽ ድርጅት ለሙከራ ተቀጠርሁ። ሥራው ይህ ነው። እዚህ ሰው ገንዘቡን ባንክ ትቶ የፕላስቲክ ካርድ ይዞ ይዞራል። ሆቴል ሲገባ ካርዱን ማሽን ላይ ያንሸራትታል፤ ማሽኑ በስልክ መስመር ካርዱን የሰጠውን ድርጅት ይጠይቃል፤ ድርጅቱ እሺ ካለ ተከፈለ ማለት ነው። ችግሩ የካርድ ድርጅቶቹ መብዛት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ መረብ አለው፤ የአንዱ ማሽን የሌላውን ካርድ አይቀበልም። የሆቴሉ ጠረጴዛ በማሽን ተሞልቶ እንግዳው በመጨረሻ "የርስዎ ካርድ እዚህ አይሠራም" ይባላል። ኸር ዛውተር ከአንድ ሆቴል ጋር በአንድ ማሽን የሁሉንም ካርድ ለማሠራት ተዋውለዋል። ሙከራው ከሠራ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልሠራ እሳቸው ድርጅታቸውን ይዘጋሉ፣ እኔም ወደ ቢተ ቫርተን እመለሳለሁ።

የካርድ ድርጅቶቹን አንድ ቋንቋ ተናገሩ ብንላቸው ሁሉም የእኔን ይልመዱ አሉ። አንድ ቀን ኸር ዛውተር ተስፋ ቆርጠው ሲቀመጡ የጫማ ጠባቂዎቹን ነገር አጫወትኋቸው።

ከቤተ ገብርኤል የገባ እንግዳ በጨለማው ዋሻ አልፎ በቤተ አማኑኤል በኩል ይወጣል። ጫማው ግን ቤተ ገብርኤል በር ላይ ቀርቷል። እናቴ ጫማ የምትለየው በላዩ ጠጠር እያኖረች ነው፤ የቤተ አማኑኤሉ ጠባቂ አያ ሞገስ ደግሞ በክሩ አስረው ይሰቅላሉ። አንዱ የሌላውን ልማድ አልቀበልም እያለ እንግዳው በባዶ እግሩ ኮረቱን ረግጦ ይመለስ ነበር። ተጣልተው ተጣልተው በመጨረሻ ተስማሙ። ሁሉም በየበሩ እንደ ልማዱ ይጠብቅ፤ ሲቀባበሉ ብቻ የማን ጫማ እንደሆነና ከየትኛው በር እንደመጣ ይነገር፤ የተቀበለው "ደርሷል" ብሎ ይላክ። የላከው ሰው ደርሷል ሳይባል ከበሩ አይነሳም።

ኸር ዛውተር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው "ውስጣቸውን እንተውላቸውና በሩን ብቻ እንሥራ" አሉ። እሳቸው መስመሩን፣ እኔ ማሽኑ ካርዱ የማን እንደሆነና ከየትኛው መረብ እንደመጣ ተናግሮ ደርሷል እስኪባል የሚጠብቅበትን የቅብብሎሽ ትእዛዝ ሠራን።

የሙከራው ቀን የሆቴሉ ባለቤት ራሳቸው ካርዳቸውን አንሸራተቱ። ማሽኑ ቢተ ቫርተን አለ። ቆምን። አሁንም ቢተ ቫርተን። ባለቤቱ ሰዓታቸውን አዩ፣ ኸር ዛውተር እኔን አዩ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። በኋላ ስንመረምር የሰውየው ካርድ ጊዜው አልፎበታል፤ ወዲያ ማዶ ያለው መረብ "አልቀበልም" ብሎ መልሷል። እኔ ግን ማሽኑን ያስተማርሁት ደርሷል የምትለዋን ብቻ ነው። ላሊበላ ውስጥ የእንግዳ ጫማ ተልኮለት አልቀበልም የሚል ጠባቂ አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ መልስ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። አውስለንደርአምት ስመላለስ የኖርሁት ሴትዮ እምቢታን መርሳቴ!

ኸር ዛውተር ለምነው ሌላ ቀን አገኙ። ማሽኑን እምቢታ መስማት አስተማርሁት። ባለቤቱ ያንኑ ያረጀ ካርድ አንሸራተቱ፤ ማሽኑ ወዲያው "ካርዱ አያገለግልም" ብሎ ጻፈ። ሆቴሉ በጭብጨባ ተናጋ። ተከልክለው የተጨበጨበላቸው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ቀጥሎ ሚስታቸው የሌላ ድርጅት ካርድ አንሸራተቱ። ማሽኑ ዛሉንግ ኤርፎልግት፣ ተከፈለ፣ አለ። ኸር ዛውተር አቀፉኝ፤ እኔም ሳላስበው እልል አልሁ፤ ከየክፍሉ እንግዳ ብቅ ብቅ አለ። የዚያን ዕለት ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ከተማው ጠበበኝ።

አውስለንደርአምት ያ ሰውዬ ማኅተሙን መታልኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የሆሳዕና ማግስቷ" አለኝ እየሳቀ። ለካ መሳቅ ይችላል።

ለእናቴ በሩን ለሰው አደራ ብላ በቀጠሮ ወልዲያ ቴሌ እንድትወርድ ላክሁባት። ስልኩን አዲስ አበባ ለደሴ አቀበለች፣ ደሴ ለወልዲያ፤ እያንዳንዷ ኦፕሬተር "ተቀበይ" ስትል እሰማለሁ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ውይ ልጄ! እህል ትበያለሽ? ምን ሥራ ያዝሽ?"

"እንዳንቺው ነኝ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው አቀባብላለሁ።"

"ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ጫማ ጠባቂ ሆንሽ?"

"ጫማ ሳይሆን የሰው ክፍያ ነው፤ ሕጉ ግን ያንቺው ነው።"

"ይሁን። አያ ሞገስ ሲሰሙ በእኛ ሕግ ፈረንጅ ገዛሁ ብለው መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡኛል" ብላ ሳቀች። ግን ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

"እማዬ፣ ደርሻለሁ።"

"ተመስገን" አለች። "በይ እንግዲህ ልነሳ።"

የወንበሩ መንቋቋት በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ይህን ቃል ለማለት ስንት ዓመት ስደክም ኖሬ፣ አሁን ስትነሳ የሚጠብቀኝ ሰው ላጣ መሰለኝ።

"እማዬ" አልሁ፣ "እባክሽ ትንሽ ጠብቂ።"