ሾላው ሥር የተሳሉት ሁለት ልጆች

አሮጌ የልጆች መጻሕፍት እሰበስባለሁ፤ ሥዕል ያላቸውን ብቻ። ጫፋቸው የተበላ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ የማላውቀው ልጅ በእርሳስ የሞነጫጨረባቸው ቢሆኑም ግድ የለኝም። የወረቀቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ ሁለተኛ ክፍል ተመልሼ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። መናኸሪያ አካባቢ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቱ ቁጢጥ ሳልል አልሄድም።

ከሁሉም የምወደውን ከዓመታት በፊት የገዛሁት ከእሱ ነው። የፊት ገጾቹ ስለጠፉ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደሣለው አላውቅም። መሀሉ ላይ ሁለት ገጽ የሞላ ሥዕል አለ። ሐይቅ ዳር፣ ትልቅ ሾላ ሥር፣ አንዲት ልጅ የታናሿን ፀጉር ትሠራለች። ትንሿ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ አሻንጉሊት ታቅፋለች። ትልቋ እየሳቀች ነው፤ የፊት ጥርሷ ተሸርፏል። ከኋላቸው ያ ረጅሙ አሞራ፣ አባ ኮዳ፣ የሚወረወርለት ነገር ይጠብቃል። ሲከፋኝ አውጥቼ የማየው ይህን ገጽ ነበር።

እናቴ ስብስቤን ወዳው አታውቅም። "ይሄን ሁሉ አቧራ ለምን ቤት ውስጥ ታኖሪዋለሽ?" ትለኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ቤት ጎራ አለች። ምሳ እስኪደርስ ብዬ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። ለወጉ ያህል ታገላብጥ ጀመር። ሥዕሉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"መነጽሬን አምጪልኝ።"

አመጣሁላት። አጎንብሳ ብዙ ቆየች።

"እህቴ ናት" አለች።

"ትመስላለች?"

"መምሰል አይደለም፤ ራሷ ናት። ይቺ ትንሿ ደግሞ እኔ ነኝ።"

የወጥ ማንኪያ እንደያዝኩ መጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስለ እህቷ የማውቀው ትንሽ ነበር። በልጅነቷ ወባ እንደገደላት፣ አንድም ፎቶ እንደሌላት፣ ያ ብቻ። ስትጠየቅ እናቴ ወሬ ትቀይራለች። ያን ቀን ግን ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል ነገረችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ሾላው ሥር ተቀምጦ፣ ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይስል ነበር። ከረሜላ ሰጥቶ አትነቃነቁ አላቸው። እህቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ክረምቱ ሲወጣ ታመመች፤ ብዙም አልቆየችም። መልኳ እየጠፋባት እንደምትጨነቅም ነገረችኝ።

"ጫማ አልነበረንም" አለች እናቴ፣ የተሳሉትን ሰማያዊ ጫማዎች በጣቷ እየነካች። "እሱ ነው ያደረገልን።"

ያን ፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አክስቴ ይህን ሁሉ ዓመት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበረች፣ እናቴ ደግሞ መልኳ እየጠፋባት ትጨነቅ ነበር።

"ቅደጂልኝ" አለችኝ።

እኔ ገጹ እንዳይሰነጠቅ ብዬ መጽሐፉን አስፍቼ እንኳ የማልከፍት ሰው ነኝ።

"እማዬ፣ በከለር ኮፒ አስደርጌ በፍሬም ልስጥሽ።"

"ኮፒ አልፈልግም። እሷን ነው የምፈልገው።"

መጽሐፉም ቢሆን በማሽን የታተመ ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። መቅደዱን ግን እጄ እምቢ አለኝ። መጽሐፉን እንዳለ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ምሳውን ሁለታችንም በቅጡ አልበላንም።

አሁን ሳሎኗ ውስጥ ቡፌው ላይ ተከፍቶ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ የሐይቁ ሰማያዊ መልቀቅ ጀምሯል። አንድ ሁለቴ ወደ ጥላው አዛወርኩት። በሄድኩ ቁጥር ቦታው ተመልሶ አገኘዋለሁ፤ ስለዚህ መንካቴን አቆምኩ።

ባለፈው ወር አጎቴ ሐይቁ ዳር ካለችው ከቡሹሎ ሊጠይቃት መጣ። እህታቸው ስትሞት እሱ ገና አልተወለደም ነበር። እናቴ ምንም ሳትነግረው ወደ ቡፌው አመለከተችው። ቀርቦ አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ ገባው። ወንበር ስቦ ከሥዕሉ ፊት ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

"እኔ ትልቅ ሴት አድርጌ ነበር የማስባት" አለ። "ለካ ልጅ ናት።"

"ልጅ ነበረች" አለችው እናቴ፣ አጠገቡ እየተቀመጠች።