እጅ የማይደርስበት ቦታ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጀርባዬን ያሳክከኛል። በሁለቱ ትከሻዎቼ መሀል፣ እጄን ከላይም ብልከው ከታችም የማይደርስባት ያቺው ቦታ። ባል ሲሞትብሽ አልጋው ይሰፋሻል፣ ምግብ አልወርድ ይልሻል ብለው ነግረውኛል። ስለ ጀርባ የነገረኝ ሰው የለም።

እሱ አናጢ ነበር። ጥፍር እንኳ አያስፈልገውም፤ መዳፉ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ጠዋት ጠዋት ልብሴን ሳልለብስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። «እዚህ ነው?» ይላል፣ እንዳልሆነ እያወቀ። «ዝቅ በል» እለዋለሁ። ወደ ላይ ይወጣል። «ዝቅ በል አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» እስክናደድ ጠብቆ ነው ቦታዋን የሚያገኛት። እንዲህ ስንነታረክ አረጀን።

መጀመሪያ ፒያሳ ወርጄ ፋርማሲ ጠየቅሁ። ልጅቷ «ቆዳዎ ደርቆ ነው እማማ፣ የደሴ ብርድ ነው» ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ጠዋትና ማታ ጀርባዬን ልቀባ! በምኔ? እጄ ቢደርስማ አክኬ አርፍ አልነበር? ቅባቱ እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ለኅብረቱ ተናገርኩ። የሰፈራችን አማኞች ረቡዕ ከሰዓት ተራ በተራ በየቤታችን እየተሰበሰብን እንጸልያለን። ከመጸለያችን በፊት መሪያችን «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዷ የልጇን ሥራ ማጣት ተናገረች፣ አንዱ ቪዛውን። ተራዬ ሲደርስ «እኔን ጀርባዬን ያሳክከኛል» አልኩ። ሳቃቸው መጣ፣ ዋጡት።

መሪያችን ግን አልሳቀም። እሱ ከምኑም ከምኑም ትምህርት ያወጣል። እግሩ ቢደነዝዝ፣ ነፍስም ካልተንቀሳቀሰች እንዲሁ ትደነዝዛለች ይለናል። ስቅ ሲለው እንኳ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት መልእክቱን ይፈልጋል። ልጅ ነው፣ ደግ ነው፣ ሌላ ጊዜ እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠላሁት። «እማማ፣ ጌታ በዚህ ማሳከክ ከኋላዎ ያለውን ነገር እንዲተዉት እያስታወሰዎ ነው» አለኝ። ሁሉም «አሜን!» አሉ። ከኋላዬ ያለው ምን እንደሆነ አጥተውት ነው? አብረውኝ የቀበሩት እነሱ ናቸው!

አንዷ ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ «አይዞዎት፣ እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» አለችኝ። «ጥፍሩንስ አልነሳኝም የኔ እህት፣ ክንዴን አሳጠረው እንጂ» አልኳት።

«በሉ፣ እጅ እንጫንባቸው» አለ መሪያችን። ደንባችን ነው፣ የታመመው ቦታ ላይ እጅ ተጭኖ ይጸለያል። ከበው ቆሙና እጆቻቸውን ሹራቤ ላይ ደራረቡ፣ እዚያችው ቦታ ላይ። ወይ ጉድ! የሞቀ የሰው እጅ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ የነካኝ ሰው አልነበረም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እከኩልኝ ማለት ግን አፈርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ የማውቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ በዚህ ዕድሜ እንዴት ተብሎ? እነሱ እየጮኹ ይጸልያሉ፣ እኔ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ የአንዳቸውን ጣት እንኳ አንቀሳቅስልኝ» እላለሁ። ቢቸግረኝ ጀርባዬን ወደ እጃቸው ፈተግ ፈተግ አደረግሁ። «መንፈስ ቅዱስ ነካቸው!» ብለው ጩኸቱን ጨመሩት። ያ ሁሉ እጅ ተጭኖብኝ አንዲት ጥፍር አልተንቀሳቀሰችም። ሲጨርሱ «ቀለለዎት?» አሉኝ። ምን ልበል? «ጌታ ይመስገን» አልኩ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ልጄ ዘንድ። ከሆዴ የወጣች ልጅ ጀርባዬን አትጠየፈውም፣ እሷን አላፍራትም ብዬ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ከላቡ ጋር ማሳከኩን አባሰው። ልጄ ስልኳን በትከሻዋ ደግፋ እያወራች ልጆቿን ታበላለች። «እስቲ እከኪልኝ» አልኳት። በሸሚዜ ላይ ሁለቴ ሞጨር ሞጨር አደረገችና «መጣሁ እማዬ» ብላ ወጣች። ስትመለስ ከሱቅ ስጦታ ይዛልኛለች፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ አምስት ጣት የተሠራለት የፕላስቲክ ማከኪያ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንንም አታስቸግሪም!» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ አፈር ልብላ፣ ለካ ሳስቸግር ኖሬያለሁ። «ተባረኪ ልጄ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በረቡዕ መሪያችን ምስክርነት ጠየቀኝ። የፕላስቲኩን እጅ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ጌታ መለሰ!» ብለው አጨበጨቡ፣ እልልም ያለች አለች።

ትምህርት ከተባለ እኔም አንድ አግኝቻለሁ። ጌታ ሰውን ሲሠራ የገዛ እጁ የማይደርስባት ቦታ የተወለት አውቆ ነው፣ ሰው ያለ ሰው እንዳይኖር ብሎ። ይሁን። አውቆ ካደረገው ታዲያ ያን እጅ ለምን ወሰደብኝ? ይህን ለኅብረቱ አልተናገርኩም፣ አሜን የሚልልኝ የለም።

ፕላስቲኩ ያክካል፣ አልዋሽም። ዛሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስፈትግ፣ ሳላስበው «ዝቅ በል» አልኩ። እጀታውን የያዝኩት እኔው አይደለሁ፣ ወዲያው ዝቅ አለ።