አንድ በአንድ የሚያስገባው ድራይቨር

በግ ሰርቀሃል ተብዬ የበረቱ ቁልፍ ከእጄ ተነጠቀ። አልሰረቅሁም።

ሳዑዲ፣ ሳብያ ከተማ፣ ከገበያው ወጣ ብሎ ባለ የበግ በረት ዘበኛ ነበርሁ። ካፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ከእኔ ሌላ ስምንት ካሜራ ቀጥሯል። ካሜራዎቹ ያዩትን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ የማክሰኞ ገበያ ማለዳ፣ በግርግሩ መካከል፣ አውራ በግ ጎደለ። ቅጂው ሲታይ በጉ አለ፣ እኔም በሩ ላይ አለሁ። ከዚያ ምስሉ ዘለለ። ሲመለስ እኔ አለሁ፣ በጉ የለም።

«ማሽኑን ያጠፋኸው አንተ ነህ» አለኝ ካፊሌ።

«ያ ዐሚ፣ ቁርአን ይምጣና ልማል» አልሁት፤ «አጎቴ» ማለቴ ነው።

«ካሜራ እያለ መሐላ ምን ይሠራል? ካሜራ አይዋሽም።»

ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካበቀልሁ በኋላ ስለሆነ የተጻፈና የተቀረጸ ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ራሴን ሳይቀር ጠረጠርሁ። ፍግ ጠረጋ ተመደብሁ።

ለማሽኑ ግን ሐኪም ተጠራለት። ካሜራዎቹንና ማሽኑን የገጠመው የመናዊ ባለሙያ ከጂዛን መጥቶ «ዲስኩ አርጅቷል» አለና አዲስ አስገባ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ዘለለ። እኔ ማዶ ፍግ ስጠርግ ነበርሁ።

«ከሩቅም ያጠፋዋል!» አለ ካፊሌ።

እንዲህ ያለ ጥበብ ቢኖረኝ ፍግ እጠርግ ነበር?

የመናዊው እንደገና መጣ። በጎቹ ተኝተው ሲያመሰኩ ማሽኑን የሚያህል ጎበዝ የለም፤ በግ የሚጭኑት ፒካፖች ሲመጡና መንጋው ሲተራመስ ነው የሚታወረው። ስክሪኑ ላይ ብዙ አፍጥጦ ቆየና ሳቀ።

«ዲስኩስ ደህና ነው፤ ድራይቨሩ ነው። ሊኑክሱን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም። ይኼ አሮጌው፣ እንደ ሰነፍ እረኛ፣ አንዱን በግ አስገብቶ ሳይጨርስ ሌላውን አይጠራም። መንጋው ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይበዛል፤ ስምንት ካሜራ ባንዴ ሲገፋው የተረፈው ውጪ ይቀራል። አዲሱ ግን መንጋውን ተቀብሎ ራሱ ያሰልፋል።»

«አሮጌውን ማን መረጠው?» አልሁ።

«እኔ ነኛ! ከሁሉም ዲስክ ጋር ይሠራል ብዬ።»

ካፊሌም አብሮት ሳቀ፤ ሻይ አስመጣለት። ድራይቨሩ ተቀይሮ ምስሉ እንደ ውኃ ሲፈስ «ማሻአላህ» አለው ማሽኑን። ቁልፉ ግን ከኪሱ አልወጣም። የማሽኑ ጥፋት ተገኘ እንጂ በጉ አልተገኘማ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ምንም አልዘለለም። የካፊሌ ወንድም፣ ነጭ ቀሚሱን እንደለበሰ፣ አንድ አውራ በግ በቀንዱ እየጎተተ ፒካፑ ላይ ሲጭን ከነፈገግታው ታየ።

«ወንድሜ ነው» አለ ካፊሌ። «ቤቱ ነው።»

«ያ ዐሚ፣ የፊተኛውስ በግ?»

«እሱንም የወሰደው እሱው ይሆናል።»

እኔ በሩ ላይ በቆምሁ ጊዜ ስርቆት የነበረው ነገር ዝምድና ሆነ። ቁልፉን ወረወረልኝ።

«ኸላስ፣ አለቀ። ያላ፣ በሩን ክፈት።»

ይቅርታው ምናልባት በአሮጌው ድራይቨር በኩል እየመጣ ይሆናል። ቀኑ ሰው ከረመዳን በፊት ይቅር የሚባባልበት የሸዕባን ወር የመጨረሻው ማክሰኞ ነበር።