የእትዬ ጽጌ ድመት መጥቆር

ባለፈው ሳምንት የልጄን ድመት ሸጎሌ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄ፣ በረኪናና እርጥብ ጸጉር በሚሸት ክፍል ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ በተቀመጠችው ሴት ጭን ላይ ገላዋ እንደ ክሬም የነጣ፣ ፊቷና ጆሮዋ ጥላሸት የመሰለ፣ ዓይኗ ሰማያዊ የሆነ ድመት አየሁ። ሐኪሙ ዝርያዋ ሲያሚዝ እንደሚባል ነገረን። «ሲወለዱ ነጭ ናቸው፤ ብርድ የሚያገኘው አካላቸው ነው የሚጠቁረው» አለ እንደ ዋዛ። «ቤቱ ከቀዘቀዘ ጀርባቸውም ሳይቀር ይጠቁራል።» እኔ ግን ሐሳቤ ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን ሄደ።

እትዬ ጽጌ ልጅም ባልም ያልነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን በፈረንጆች ቤት ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ድመታቸውን ትተውላቸው ሄዱ። «አማርኛ አትሰማም» እያሉ በፈረንሳይኛ «ቪያን! ቪያን!» ብለው ይጠሯት ስለነበር፣ ቃሉ «ነዪ» ማለት መሆኑን ያላወቅን ልጆች ስሟ መስሎን ቪያን አልናት፣ ቪያን ሆና ቀረች። ያኔ ጆሮዋና ጅራቷ ብቻ ሻይ የነካቸው ይመስሉ ነበር እንጂ የቀረው ገላዋ እንደ ወተት አረፋ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ጉሙ ከእንጦጦ እየተንከባለለ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ይውላል፣ ቪያንም መጥቆር ጀመረች። መጀመሪያ ፊቷ፣ ከዚያ እግሯ፣ በመጨረሻ ጀርባዋ፣ ጭስ እንደሚጠጣ ጣሪያ ቀስ በቀስ ጠቆረች። በዚያው ሰሞን ፈንግል ገብቶ የግቢው ዶሮዎች አለቁ፤ ወሬውም ከበር በር ዞረ። «ድመት እንዲህ ከጠቆረ የቤቱን ሰው ሊወስድ ነው» አሉ። የእትዬ ጽጌ በር መዘጋቱን፣ ከቤታቸው የከሰል ሽታ መጥፋቱን፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማውን ደረቅ ሳል ልብ ያለ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ድመቷን ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የግቢው ሽማግሌ ጋሽ በቀለ ቪያንን በጆንያ ከተው ወደ ጫካው ሊወስዷት ተነሡ። እትዬ ጽጌ መቃኑን ተደግፈው ወጡ።

«ጋሽ በቀለ፣ ይተዉልኝ፤ ብርዱን የማልፈው እሷን አቅፌ ነው።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እትዬ» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ዞር ሳይሉ። ጆንያው ጀርባቸው ላይ ይንፈራገጥ ነበር።

እናቴ ልብስ ማጠቧን ትታ ቀና አለች። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወደ እትዬ ጽጌ ቤት ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ፍራሹ ረጥቧል፤ ምድጃው ላይ ያለው አመድ ጭቃ ሆኗል።

«ከሰል ካላያያዙ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለች እናቴ።

«ጭሱ ትንፋሽ አሳጣኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም?»

«ማን ጠየቀኝና?»

እናቴ አዝላ ወደ እኛ ቤት አመጣቻቸው፤ በራሷ አልጋ አስተኝታ፣ አጥሚት እያጠጣች አስታመመቻቸው። መስቀልን ግን አላዩም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ተጠጋግተው «አላልንም? ያቺ ድመት ናት» ሲሉ እናቴ ሰማች። ከዚያ በኋላ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሚወዷትንም የሚያሟትንም ሳትለይ፣ የእያንዳንዱን ቤት በር እያንኳኳች «እንዴት አደራችሁ?» ትል ነበር። ቪያንን ዳግም ያያት የለም።

እናቴም አረፈች፤ ግቢውም ፈረሰ። እኔ አሁን የምኖረው እዚያው ጉለሌ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው፤ በሮቹ ብረት ናቸው፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ይሰማል። ክረምቱ እየገባ ነው። ከሐኪሙ ዘንድ በተመለስኩ ማግስት ከእኔ ትይዩ ያለውን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ።

«ጎረቤት» ለማለት አፌ ከበደኝ።