ቶርኖዋ ቀድማው ተቀጠረች

መኪና ውስጥ ለሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር ካልሲ ነው። አንዴ ከወንበር ሥር ከገባ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የቶርኖ ሠራተኛውም በዚያ ሐሙስ ጠዋት ጉልበቱን መሪው ላይ አስደግፎ፣ እጁን እስከ ትከሻው ወንበር ሥር ሰዶ የግራ እግሩን ካልሲ ይፈልግ ነበር። ማበጠሪያ አገኘ፣ የደረቀ ዳቦ አገኘ፣ ልጁ ካቻምና የጣለቻትን የፀጉር ማስያዣ አገኘ። ካልሲው የለም። በአርባ ሰባት ዓመት ዕድሜ፣ ለሥራ ፈተና በሚሄዱበት ቀን፣ ካልሲ ፍለጋ በአፍጢም መደፋት! ተናደደና ግራ እግሩን ባዶውን ጫማው ውስጥ ከተተው። ፈታኞቹ ጫማ አውልቅ እስካላሉት ድረስ ችግር የለም።

ከዚያ በጎን መስታወቱ እያየ ተላጨ። ሸሚዙ ከኋላ መስኮት በላይ ካለችው መያዣ ላይ ተሰቅሎ አድሯል፤ መኪናው ውስጥ ከሸሚዙ በቀር ቀጥ ብሎ የሚያድር ነገር የለም። የሙያ ምስክር ወረቀቱን እንዳይጨማደድ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ያስተኛዋል። ባለ አምስት ሊትሩ የውሃ ጀሪካን ከተሳፋሪው እግር ሥር፣ የጥርስ ብሩሹ በበሩ ኪስ፣ ሌላው ዓለሙ ሁሉ በሁለት ፌስታል ከኋላ ነው። ሦስት ወር እንዲህ ኖሯል። በየሁለት ቀኑ የሚያቆምበትን ቦታ ይቀይራል፤ ሰው ዓይኑን እንዳይጥልበት።

ቶርኖ ማለት ብረትን እያሽከረከሩ በልኩ የሚልጡበት ማሽን ነው። ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቶርኖ ላይ ቆሞ ኖሯል። የድሮ ጓደኞቹ «ግማሽ ፀጉር» ይሉት ነበር። አዲስ የሚቀጠሩት ለራሰ በራነቱ የወጣለት ስም ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእሱ ቶርኖ ልል ነበረች። መቁረጫውን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋው እጀታ ትንሽ ባዶውን ይዞር ነበር፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ከምልክቱ አልፎ ግማሽ ፀጉር የምታህል ካልጨመሩላት ብረቱ ወፍሮ ይቀራል። ሌላ ሰው በቆመባት ቁጥር ታበላሻለች። በእሱ እጅ ግን አንድ ቀን አጥፍታ አታውቅም። አለቆቹም ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ «ካንተ ሌላ ማን ይችላታል!» ይሉት ነበር፤ እሱም ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

ከዚያ ድርጅቱ ተዘጋ። ማሽኖቹን ሰው ተሻምቶ ገዛቸው፤ ሠራተኞቹን ግን ዞር ብሎ ያየ የለም። ሚስቱና ልጁ የሚስቱ ታላቅ እህት ቤት ተጠጉ፤ እሱ መኪናውን ይዞ ሥራ ወዳለበት ከተማ መጣ። ሥራ አለበት የተባለውን ከተማ ማለቴ ነው። አንዱ ቦታ «በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ትችላለህ?» አሉት፤ አይችልም። ሌላው ቦታ «እንደውልልሃለን» አሉት፤ ሳይደውሉ ቀሩ። ሦስተኛው ጋ ቅጽ ሰጡትና የመኖሪያ አድራሻ የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ምን ይጻፍ? የሰሌዳ ቁጥሩን? ባዶውን መለሰላቸው፣ እነሱም ባዶ እጁን ሸኙት። እውነቱን ለመናገር ብስጭቱ ከጨጓራው አልፎ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ለሚስቱ ግን «ጓደኛዬ ቤት ነው ያረፍኩት» ብሏት ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ስማ፣ የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እዚህ ላስመዝግባት ወይስ ወዳንተ እንምጣ? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ አላልኩሽም? ካለፍኩ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። ነገ እስክደውልልሽ እንዳታስመዘግቢያት።»

«እህቴ ምንም አላለችኝም እኮ። ምንም አለማለቷ ነው የጨነቀኝ። ትናንት ልጅቷ ብርጭቆ ሰበረች፤ ‹አይዞሽ› አለቻት። አይዞሽ አባባሏን ብትሰማው!» ቀጥላም፣ «ጓደኛህስ? ቤት እስክናገኝ እኛም ተጨምረን ይችለናል?»

«እሱ ቻይ ነው» አላት፣ የመኪናውን በር መታ መታ እያደረገ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ልጅቷ እዚያ ከተመዘገበች ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናት፤ እናቷም አብራት በእህቷ ቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትኖራለች፤ እሱ እዚህ። ፈተናውን ካለፈ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባሉ። ሁሉም ነገር በአንዲት ቁራጭ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ፋብሪካው በር ላይ ከእሱ ሌላ አራት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፎርማኑ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጡረታው የደረሰ የሚመስል ሽማግሌ ነው። ስሙን ጠርቶ ወደ ውስጥ አስገባው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ተጠርጎ የዘይት ጠብታ አይታይበትም፤ መብራቱ ቀን ከሌት የሚበራ ነው። በአንድ ረድፍ የቆሙትን ማሽኖች አለፉና ጥግ ላይ ያለችው አረንጓዴ ቶርኖ ዘንድ ሲደርሱ ሰውየው ባለበት ቆመ።

የእሱ ናት። ግንባሯ ላይ መዶሻ የወደቀባት ሥርጉድ አለች። እጀታዋ ላይ እሱ ራሱ የጠመጠመው ቆዳ አለ። ከማብሪያዋ ጎን ደግሞ ልጁ በሦስት ዓመቷ መጥታ የለጠፈቻት ቢራቢሮ፣ አንድ ክንፏ ተልጦ፣ አሁንም ተለጥፋለች። እቅፍ አድርጎ ሊስማት ምንም አልቀረው። ወዲያው ደግሞ ቅናት ብጤ ቆነጠጠው። እሷ ጣሪያ አላት፣ መብራት አላት፣ ጠዋት ጠዋት ዘይት የሚቀባት ሰው አላት፤ እሱ ካልሲ ይፈልጋል። ሥራ ፍለጋ አብረው ወጥተው እሷ ቀድማው ተቀጠረች!

«ይህችን ማሽን ታውቃታለህ?» አለ ፎርማኑ።

እዚህ ላይ ሰውየው ብልጥ የሆነ መሰለው። አውቃታለሁ ቢል አድልዎ ይሆናል ብለው ወደ ሌላ ሊያዛውሩት ይችላሉ፤ በኮምፒውተር የምትታዘዘውን ዓይነት ቢያስይዙትስ? ሦስት ወር የዞረበት ዕድል ዛሬ በእግሩ መጥቶ ቆሞለት በገዛ አፉ ያባርረው?

«አላውቃትም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «መሰሏን ግን ሠርቼባታለሁ።»

«እንግዲያው በዚህ ውዳቂ ብረት ትንሽ ተለማመድባት። አሥር ደቂቃ አለህ። ማሽንና ሰው ሳይተዋወቁ አይሆንም።»

«አያስፈልግም፣ አለቃ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አጥልቆ በላዩ አየውና «እንደፈለግህ» አለ። የፈተናውን ንድፍ አስቀመጠለት፤ ኩሽኔታ የሚገባበት ዘንግ፣ ሠላሳ ሚሊሜትር፣ ከሩብ ፀጉር በላይ ስሕተት አይፈቀድም። ብረቱም አንድ ብቻ ነው። ለሁሉም ሰው አንድ፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ሰውየው ማሽኗን አስነሣት። ብረቱ ሲሽከረከር ያ የሚያውቀው ድምፅ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ትከሻው ወረደ፣ እጁ ረጋ። ልጣጩ ሰማያዊ እየሆነ እየተጠቀለለ ወረደ። ፎርማኑ ሥራውን ትቶ ቆሞ ማየት ጀመረ፤ ጥሩ እጅ ሲያይ ሰው እንዲህ ነው። ሰውየው አቆመ፣ ለካ፣ የቀረው ትንሽ ነው፤ አንድ የመጨረሻ ዙር። በልቡ ቅዳሜ ደርሷል። መኪናውን አጥቦ፣ ፌስታሎቹን ደብቆ፣ ልጁን ከፊት አስቀምጦ ሲመጣ ታየው። እጀታውን እስከ ምልክቱ አዞረ፤ ከምልክቱም አልፎ፣ ሳያስብ፣ እጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረገው፣ ግማሽ ፀጉር ጨመረላት።

ድምፁ ወፈረ።

የለየለት ነገር ነው፤ ሳይለካው አወቀው። መቁረጫው መንካት ከሚገባው በላይ ገብቷል። እጁን ቢመልስም ብረቱ አንዴ ተልጧል። ፎርማኑ ቀርቦ በማይክሮሜትር ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ቀጥኗል። ኩሽኔታው ላልቶ ይሽከረከርበታል። ወፍሮ ቢሆን ኖሮ እኮ እንደገና ይላጥ ነበር።»

«ይህች ማሽን ልል ነበረች» አለ ሰውየው። «እጀታዋ ባዶውን ይዞራል። ሁልጊዜ ይዞራል።»

«አላውቃትም አላልክም?»

ቢራቢሮዋን አየና፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼባታለሁ» አለ።

«አሥራ ዘጠኝ!» ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «እኛ እንደመጣች ነው ያስጠገንናት። እጀታዋ የሚያዞረው ብሎን የሚገባባት አንዲት የነሐስ ዳዶ ተበልታ ነበር፤ አስቀርጸን ቀየርናት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

የግማሽ ቀን ሥራ! ሰውየው ይህን ሲሰማ ፈተናውን ከመውደቁ ይልቅ ይኸኛው አንጀቱን አበገነው። በየዓመቱ ትጠገንልኝ ብሎ ጽፏል። በየዓመቱ «ዕቃው የለም»፣ «ለከርሞ»፣ ሲብስም «አንተ ታውቅበት የለም እንዴ!» ይሉታል። ያቺ ካንተ ሌላ ማን ይችላታል የምትባል ሙገሳ፣ ልቡን ቅቤ ስታጠጣው የኖረች፣ ለካ ዳዶ ላለመግዛት ነበር! የማንም ጥፋት እንዳይመስል አድርገው የእነሱን ስንፍና በእሱ እጅ ላይ ጫኑት፤ እጁም ተማረው፤ ዛሬ ይዞት መጥቶ አወረደው።

«ሌላ ብረት ይስጡኝ፣ አለቃ። በሞቴ። አሁን አውቄያታለሁ።»

«እጅህን አይቼዋለሁ፤ የላጥከው መስታወት ነው» አለ ፎርማኑ። ማዘኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ግን ውጭ አራት ሰው ተቀምጧል። ላንተ ሁለት ሰጥቼ ለእነሱ አንድ ልሰጥ አልችልም። ለምን አልነገርከኝም፣ ወንድሜ? አውቃታለሁ ብትለኝ መጀመሪያ የምነግርህ መጠገኗን ነበር። ባትነግረኝም መለማመጃ ብረት ሰጥቼህ ነበር።»

የተበላሸውን ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው፤ ለእነሱ ውዳቂ ነው። ሰውየው በአግዳሚው ላይ ያሉትን ቀና ብሎ ሳያይ አለፋቸውና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። መሪውን ያዘ። የመኪናው መሪም ልል ነው፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ትንሽ ባዶውን ማዞር ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አስጠግነዋለሁ እያለ፣ እስካሁን ለምዶት ይነዳል። ይህን ሲያስብ መሪውን በጡጫ መታው። እጁን አመመው እንጂ ሌላ ያተረፈው ነገር የለም።

እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ስልኩ ጠራ።

«እህ? እንዴት ሆነ?»

ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። የምዝገባው ሰልፍ ላይ ናት። «ውጤቱ ነገ ነው» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሦስት ወር እንዲህ ያለ መልስ ሲያዘጋጅ ስለኖረ በምላሱ ጫፍ ላይ ነው። አጠገቡ ወንበር ላይ የተኛውን ዘንግ አየው።

«እዚያው አስመዝግቢያት» አለ።

«አይዞህ» አለችው፤ የእህቷ ዓይነት አይዞህ አይደለም። «በል አሁን ብቻህን አትብሰክሰክ። ጓደኛህ ጋ ሂድና ትንሽ ጋደም በል።»

«ጓደኛ የለም።»

«ምን አልክ?»

«ጓደኛ የሚባል ሰው የለም። መኪናው ውስጥ ነው የምኖረው። ከመጣሁ ጀምሮ።»

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ፣ አንዲት ሴት «ወደፊት በሉ» ስትል ተሰማው።

«ሦስት ወር ሙሉ?» አለች ሚስቱ። መናደዷ ይሁን ማልቀሷ አልለይህ አለው። «በዚህ ብርድ? ለምን አልነገርከኝም አንተ ሰው? ለምን?»

በአንድ ቀን ሁለት ሰው ያንኑ ጠየቀው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ቆይ፣ ተራችን ደርሷል» አለች። «ስልኩን እንዳትዘጋው። እንዳትዘጋው ብዬሃለሁ!»

አልዘጋውም። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። መዝጋቢዋ የልጅቷን ዕድሜ ጠየቀች፣ የእናት ሥራ ጠየቀች። ከዚያ የአባትን የመኖሪያ አድራሻ ጠየቀች። ሰውየው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው» አለች ሚስቱ፣ ጮክ ብላ፣ እሱም እንዲሰማ። «አሁን መንገድ ላይ ነው።»