የእትዬ ወርቄ ኬሻ

ዛሬ ጎፋ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «አንተ ያ ፎቶ አንሺው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ።

የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ናቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነፋስ ስልክ ስንማር፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበረው። የአጎቴን ካሜራ ስላንጠለጠልኩ ብቻ ራሴን ጋዜጠኛ አድርጌ ሾሜ ነበር።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር የተጣለውን ቆሻሻ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። እትዬ ወርቄ ቀድመውኝ ለቅመው፣ ሁለት ኬሻ ሞልተው፣ ዳሩን አጽድተውታል። ለፎቶ የሚሆን ቆሻሻ ጠፋ!

«እትዬ፣ አንዴ ልድፋውና ላንሳው፤ መልሼ እሰበስበዋለሁ» አልኳቸው። ደፋሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ የትምህርት ቤት ደወል ሲሰማ ጥዬው ሮጥኩ።

ከፎቶው ሥር «ኅሊና ቢስ ነዋሪዎች» ብዬ ጻፍኩ። በትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልኝ።

ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅ ስንተባተብ፣ «ተወው ልጄ፣ ያኔውኑ መልሼ ለቅሜዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ለመሆኑ ፎቶው አማረ?»

እናንተስ፣ ለደግ ዓላማ ብላችሁ የደፋችሁትን ማን ለቀመላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልፈር።