ሳይጠጣ የተመለሰው ጀሪካን

አጎቴ ጋሼ ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከጅቡቲ ሲመለሱ ትንንሽ ዓሣ በላስቲክ፣ የባሕር ውኃ በቢጫ ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ፍኖተ ሰላም ሳሎናችን ውስጥ ባሕር አለ ብል ማን ያምነኛል?

"ፊዚክስ ላይ እጅ ማውጣት ጀምረሻል አሉ። እስኪ የዓሦቹን ውኃ የሚመልሰውን ቧንቧ አንቺ ግጠሚው" አሉኝ።

ከዓሦቹ የመስታወት ገንዳ ሥር ሌላ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውኃው እዚያ ወርዶ ይጣራና በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። እየፈራሁ ገጠምኩት። ሠራ!

ወዲያው መብራት ሄደ። ፓምፑ ሲቆም ውኃው በመመለሻው ቧንቧ ወደ ታች ይገለበጥ ጀመር። ለካ ጫፉን በላይኛው ገንዳ ውኃ ውስጥ በጣም አጥልቄው ኖሯል! መዝዤ እስካወጣው የታችኛው ገንዳ ሞልቶ ግማሹ ባሕር ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

"ጋሼ፣ ከቧንቧ ልቅዳ?"

"ኧረ ይሞታሉ! ጨው ነው የለመዱት። በረንዳ ላይ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን አምጪ።"

ብፈልግ ብፈልግ ጀሪካኑ የለም። እንባዬ መጣ። ሁለተኛ እጄን አላወጣም አልኩ።

በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ጀሪካኑን አቅፈው ቆመዋል።

"ይቅር በለኝ ሙሉ፤ ከገዳም ያመጣኸው ጸበል መስሎኝ ባለፈው ሳምንት ወስጄው ነበር። ሳይጠየቅ የተወሰደ አያድንም ብዬ መለስኩት።"

"ጠጡት እንዴ?" አልኩ በድንጋጤ።

"ምኑን ልጠጣው ልጄ! ጸበል በባዶ ሆድ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቆሎ እየቆረጠምኩ እረሳዋለሁ።"

ዓሦቹ ዛሬም አሉ። እኔም በየቅዳሜው ለእትዬ ጥሩዬ ቆሎ ቆልቼ አደርሳለሁ።